ብረቱ የማንን እጅ ይዞ መጣ? ከፒያሳ የገዛሁት ባለ ሦስት ደረጃ የውኃ ማጣሪያ

ሻጩ ልጅ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ከቧንቧ የተቀዳ ነው፤ ሁለተኛው ሱቁ ከሚሸጠው ትልቁ ማሽን የወጣ። አራት ዘንግ ያለውን መሣሪያ በሁለቱም ውስጥ ነከረና ሶኬቱን ሰካ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የቧንቧው ውኃ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም እንደ ክረምት ጎርፍ ድፍርስ ሆነ፤ ላዩ ላይ ቆሻሻ አረፋ ተንሳፈፈ። የማሽኑ ውኃ እንደጠራ ቀረ።

"እትዬ፣ ይኸውልዎት! እስከ ዛሬ ሲጠጡት የነበረው ከባድ ብረት ይህ ነው" አለኝ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ብልቃጥ ከማጠብ ጀምሬ ብረታ ብረት እስከሚለካው መሣሪያ ድረስ ደርሻለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ መሄድ አልቻልኩም። "ልጄ፣ ከጎረቤት ምግብ ቤት ቁንጥር ጨው ታስመጣልኛለህ?" አልኩት። ጨው መጣ። ንጹሕ በተባለው ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ አማሰልኩና "አሁን እንደገና ሰካው" አልኩት። ያ ንጹሕ ውኃ ከቧንቧው የባሰ ቡናማ ሆነ።

ነገሩ ምትሃት የለውም። ከዘንጎቹ ሁለቱ ብረት፣ ሁለቱ አሉሚኒየም ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዘንጎቹ ራሳቸው እየሟሙ ውኃው ውስጥ ይገባሉ፤ ያ ሁሉ አተላ የዘንጎቹ ዝገት ነው። ኤሌክትሪክ ለማለፍ ግን ውኃው ውስጥ ጨው መኖር አለበት። በትልቁ ማሽን የተጣራው ውኃ ጨው ስለሌለው ኤሌክትሪክ አላሳለፈም፤ ዘንጎቹም አልሟሙም። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ለጤና ክፉ ሳይሆን ኤሌክትሪኩን አሳለፈ፤ ለዚህም ተወነጀለ። ልጁ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። "እኛም እንዲህ ነው የተማርነው" አለ። እኒያ እናት ግን እኔን እንደ ሻጩ ተፎካካሪ ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ጥርጣሬያቸውን ይዘው ወጡ።

እንዲያም ሆኖ ማጣሪያ ሳልገዛ አልወጣሁም። የሱቁንም የዕቃውንም ስም አልጽፍም፤ በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ሣጥን በሦስት የተለያየ ስም ሲሸጥ አይቻለሁና ስሙ ለአንባቢ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ውስጡ ያለው ነው።

የገዛሁበት ምክንያት ቀላል ነው። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ይሞላል፤ ከዚያ ዕድሜውን ማንም በማያውቀው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነጭ ሳህን ውስጥ ሲቀዳ ገለባ የተዘፈዘፈበት ይመስላል፤ ክሎሪኑም ቡናዬን ያበላሽብኛል። ትልቁን፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሠራውን (ውኃን በግፊት በረቂቅ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፈውን) ማሽን ያልወሰድኩት ዋጋው 38,000 ብር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያ ማሽን አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለመስጠት ከዚያ የሚበልጥ ውኃ ወደ ፍሳሽ ይደፋል፤ በቂ የውኃ ግፊትም ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ይህ እንጀራ ቆርሶ ግማሹን እንደ መጣል ነው። ለእውነት ሲባል ግን፣ ከታች የማነሣውን ችግር ከሁሉም በተሻለ የሚፈታው እርሱ መሆኑን እዚሁ ልናገር።

የወሰድኩት በ13,500 ብር ባለ ሦስት ደረጃውን ነው። ከእቃ ማጠቢያው በታች የሚገጠሙ ሦስት ነጭ በርሜሎች አሉት። የመጀመሪያው አሸዋና ዝገት የሚይዝ ባለ 5 ማይክሮን ክር፣ ሁለተኛው ሬዚን፣ ሦስተኛው ከሰል፣ ማለትም አክቲቬትድ ካርቦን ነው። ለስጦታ አንድ ሙሉ መለዋወጫ ጨመሩልኝ። ገጣሚው በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መጣ፤ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ማታውን ሁለተኛው መጋጠሚያ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ስደውል "ነገ" አሉኝ። ነገ ሦስት ቀን ሆነ። በመጨረሻ የሕንፃችን ጥበቃ ቴፍሎን ጠቅልሎ አቆመልኝ። ለአገልግሎታቸው ከአምስት ሁለት ብሰጥ በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው "ከባድ ብረቶችን 99 ከመቶ ያስወግዳል" ይላል። ይህን ሥራ ይሠራል የተባለው ሬዚኑ ነው። ሬዚን ማለት የዓሣ ዕንቁላል የሚያካክል ቢጫ ፍሬ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ ላይ ሶዲየም ተቀምጧል። ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙሌት (ቻርጅ) ያለው እርሳስ፣ መዳብ ወይም ካልሲየም ሲያልፍ ፍሬው ሶዲየሙን ለቅቆ እርሱን ይይዛል። የእርሳስ ጨው በንጹሕ ውኃ ውስጥ አሟሙቶ በዚህ ላይ ላሳለፈ ሰው 99 ከመቶ የማይታመን ቁጥር አይደለም። ጥያቄው በእኔ ቧንቧ የሚመጣው ብረት ብቻውን ነው ወይ የሚመጣው የሚለው ነው።

የአዲስ አበባ ውኃ ከሁለት ዓይነት ቦታ ይመጣል። የአቃቂው ከጉድጓድ ነው፤ የለገዳዲና የገፈርሳው ከግድብ። ግድብ ማለት ደግሞ ከተራራው የታጠበ ቅጠል፣ ሣር፣ ሥርና እበት የሚበሰብስበት ትልቅ ጋን ነው። ከዚህ ብስባሽ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረው ተፈጥሯዊ ኦርጋኒክ ቁስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የምናውቀው ነገር ነው፤ ውኃን የገለባ ቀለም የሚሰጠው እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ በአጭሩ ብስባሽ እለዋለሁ።

ቤተ ሙከራ ሳለሁ ለተማሪዎች የምናሳየው አንድ ነገር ነበር። ከእንጦጦ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር የተቆፈረ አፈር በኮስቲክ ሶዳ ስንዘፈዝፍ ውኃው እንደ ጥቁር ቡና ይሆናል። ከዚያ አሲድ ጨምረን ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 1 ስናወርደው ጥቁሩ ክፍል ረግቶ እንደ ጠላ አተላ ይዘቅጣል። የዘቀጠው ሂዩሚክ አሲድ ነው። ላዩ ላይ ቢጫ ሆኖ የሚቀረውና በምንም ፒኤች የማይዘቅጠው ፉልቪክ አሲድ ይባላል። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ "ፎርሙላው ምንድን ነው?" ይሉ ነበር። ፎርሙላ የለውም። አንድ ሞለኪውል ሳይሆን ከአንድ ማሳ የመጣ ድብልቅ እህል ነው፤ ትልቅም ትንሽም፣ ሙሉም ስባሪም አለበት።

የሚያመሳስላቸው ዳር ዳራቸው ላይ ያሉት እጆች ናቸው። አንዱ እጅ ካርቦክሲል ይባላል፤ ሆምጣጤን የሚያኮመጥጠው ዓይነት ነው። ሌላው ፌኖል ነው፤ ሻይን በሚያጎመዝዘው ታኒን ውስጥ በብዛት አለ። እነዚህ እጆች ሃይድሮጅናቸውን ሲለቁ ነጌቲቭ ሙሌት ይይዛሉ፤ ብረታ ብረት ደግሞ በውኃ ውስጥ ፖዘቲቭ ነው። ተያያዙ ማለት ነው። ሁለት ጎረቤት እጆች አንዱን ብረት ከግራና ከቀኝ ሲይዙት መያዣው ይጠብቃል፤ ኬሚስቶች ለዚህ ዓይነቱ አያያዝ ያወጡት ስም የመጣው የሸርጣን ጥፍር ከሚል የግሪክ ቃል ነው።

ሁሉም ብረት እኩል አይያዝም። ኢርቪንግና ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በ1953 ባሳተሙት ጥናት ተራውን አስቀምጠውታል፤ ከማንጋኒዝ ተነሥቶ በተራው ብረት (አይረን)፣ በኮባልትና በኒኬል እየጠበቀ ሄዶ መዳብ ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ ዚንክ ላይ መልሶ ይላላል። በቅጠል ብስባሽም ዘንድ መዳብ አጥብቀው ከሚያዙት ዋነኛው ነው። እርሳስም እንዲሁ ጥብቅ ነው። ሜርኩሪ የራሱ ጠባይ አለው፤ ካርቦክሲሉን ትቶ በጣት የሚቆጠሩትን ሰልፈር የያዙ እጆች ፈልጎ ይጣበቃል፤ ከዚያ ማላቀቅ ጭንቅ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም በልል ይያዛሉ፤ ግን ብዛታቸው ስለማይነጻጸር ቦታ ያጣብባሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመኝ እርሱ ነው። የሠርግ ድንኳን አስቡ። ምቹ ወንበሮች ጥቂት ናቸው፤ አግዳሚው ብዙ ነው። ቀድሞ የመጣ ወንበሩን ይይዛል፤ ዘግይቶ የመጣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ትንሽ ሲገፋም ይወድቃል። ብስባሹም እንዲሁ ነው። ጠንካራ መያዣ ቦታዎቹ ጥቂት፣ ደካሞቹ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ብረቱ በጣም ጥቂት ሲሆን ሁሉም ምርጡን ቦታ ያገኛል፤ እጅግ አጥብቆ ይያዛል። ለመጠጥ ውኃ የምንፈራው እርሳስ ደግሞ ሁልጊዜ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ መቶ ብትሞሉ፣ በመቶው ቦቴ ውስጥ ሁሉ የሚፈቀደው እርሳስ ተደምሮ 10 ግራም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። በዚያ መጠን የመጣ እርሳስ ውኃው ውስጥ ብስባሽ ካገኘ ብቻውን አይንገዋለልም።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ደግሞ ብስባሹ ብዙ ነጌቲቭ እጆች ስለሚተርፉት ድምር ሙሌታቸው ነጌቲቭ እንደሆነ ይቀራል። ሬዚኑ የሚይዘው ፖዘቲቩን ነው። ታዲያ እንዴት አድርጎ ይይዘዋል?

ይህን በአፍ ከማውራት ብዬ በስጦታ የተሰጠኝን መለዋወጫ ሬዚን ቀደድኩት። ፍሬውን ታጥቦ በተገለበጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከታች ጥጥ ወትፌ አፈሰስኩት። ከፋርማሲ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን የብረት ክኒን ገዛሁ፤ ፌረስ ሰልፌት ነው። ሽፋኑን ፍቄ አደቀቅኩትና በሞቀ ውኃ አሟሟሁት።

መጀመሪያ የብረቱን ውኃ ብቻውን በሬዚኑ ላይ አሳለፍኩ። የወረደውን በብርጭቆ ተቀብዬ ያልጣፈጠ ሻይ ጨመርኩበት። ሻይ ሆኖ ቀረ፤ ቀይ፣ ጥርት ያለ። ሬዚኑ ብረቱን በሙሉ ይዞታል ማለት ነው፤ ብረት ቀርቶ ቢሆን ሻዩ ይጠቁር ነበር። እስከዚህ ሣጥኑ አልዋሸም።

ቀጥዬ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩ። የብረቱን ውኃ አስቀድሜ ከሻይ ጋር ደባለቅሁት። ወዲያው እንደ ቀለም ጠቆረ፤ አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ቀለም በዚሁ ዘዴ፣ ከብረት ጨውና ከዛፍ ታኒን የተሠራ ነበር። ጥቁሩን በአዲስ ሬዚን ላይ አፈሰስኩ። ከታች የወረደው ጥቁር ነው። ትንሽ ሳሳ፣ ከዚያ ያለፈ አይደለም። ያው ብረት፣ ያው ሬዚን ነው፤ ልዩነቱ ብረቱ የታኒኑን እጅ ይዞ መምጣቱ ብቻ ነው። ሻይ የግድብ ብስባሽ አይደለም፤ ታኒን ግን ከቅጠል ወደ ውኃ ከሚገቡት አንዱ ነውና ለማሳያ በቂ ወኪል ነው።

ሦስተኛው ጥዋዬ ላይ የእህቴ ልጅ ደረሰች። "አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" ብላ የተቆረጠ ሎሚ ይዛ ቆመች፤ ለሻዩ መስሏት ነው። ሎሚውን ጥቁሩ ብርጭቆ ውስጥ ጨመቅኩት፤ ጥቁረቱ ዓይናችን እያየ ለቀቀ። ሎሚው ሁለት ሥራ ነው የሠራው። አሲዱ ሃይድሮጅን አምጥቶ የታኒኑን እጆች መልሶ ያዛቸው፤ ብረቱ ተለቀቀ። ሲትሪክ አሲዱ ደግሞ የተለቀቀውን ብረት በራሱ ጥፍር ያዘው። በወንዝም የሚሆነው ይኸው ነው፤ አሲድ ሲገባ ብስባሹ ይዞት የነበረውን ብረት ይለቃል። ዓሣን በብዛት የሚጎዳው ብቻውን የሚንሳፈፈው መዳብ ነው፤ የተያዘው ጉዳቱ ያንሳል። ስለዚህ ብስባሽ ለማጣሪያ ሻጭ ጠላት ቢሆንም ለዓሣ ጋሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። (ምግብ በልቶ ወዲያው ሻይ መጠጣት ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል የሚባለውም ከዚሁ ታኒን የተነሣ ነው፤ የእህቴ ልጅ ደም ማነስ ስላለባት ይህን ለመናገር አጋጣሚው አላመለጠኝም።)

ከዚያ ያልተመሰገነውን ሦስተኛ በርሜል፣ ከሰሉን ሞከርኩ። ከሰሉ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙሌት አይደለም። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነው፤ ኦርጋኒክ ነገር ሲያልፍ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይለጠፋል። ጥቁሩን ሻይ ሳሳልፍበት የመጀመሪያዎቹ ብርጭቆዎች ውኃ የመሰሉ ሆነው ወረዱ። ብስባሹ ሲያዝ እጁን የያዘው ብረት አብሮ ቀረ ማለት ነው። እያፈሰስኩ ስሄድ ግን አምስተኛው ላይ ቢጫ፣ ስምንተኛው ላይ ቡናማ መጣ። ከሰል ጠግቦ ያቆማል፤ ትልልቆቹ ሂዩሚክ ቁሶች ደግሞ ጠባቡ ቀዳዳ ስለማይበቃቸው ጉሮሮው ላይ ተጠቅጥቀው መንገድ ይዘጋሉ። የእኔ ሻይ ከማንኛውም የቧንቧ ውኃ እጅግ የበለጠ ጥቁር ስለሆነ "ስምንት ብርጭቆ ብቻ ነው የሚሠራው" ብላችሁ እንዳትሸሹ።

እንግዲህ በዚህ ዕቃ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ የበርሜሎቹ ቅደም ተከተል ነው። ሬዚኑ ከከሰሉ በፊት ተቀምጧል። በዚህ አቀማመጥ ሬዚኑ የተያያዘውን ብረት ያሳልፋል፤ ክሎሪኑም በቀጥታ ስለሚደርስበት ፍሬውን እያደር ይበላዋል። ከሰሉ ቢቀድም ግን ብስባሹንና ክሎሪኑን ያስቀራል፤ ብቻውን የቀረውን ብረት ሬዚኑ ይለቅማል። ደውዬ ጠየቅሁ። "ከፋብሪካ የመጣው እንደዚያ ነው እትዬ" አለኝ። መፍቻ አንሥቼ ሁለቱን ራሴ ቀያየርኳቸው። በርሜሎቹ እኩል ስለሆኑ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ዕዳውንም ልንገራችሁ። ከሰሉ ክሎሪኑን ከወሰደ በኋላ ያለው መንገድ ለባክቴሪያ ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ሁለት ቀን ከቤት ስጠፋ ተመልሼ ውኃውን ለጥቂት ደቂቃ አፈስሰዋለሁ፤ ያጣራሁትንም ለነገ አላሳድርም።

ክሎሪንን ካነሣሁ አይቀር፣ ብስባሽ ያለበት ውኃ ክሎሪን ሲገባበት ክሎሮፎርምን የመሰሉ ውህዶች እንደሚፈጠሩ ሩክ የተባለ ሆላንዳዊ ኬሚስት በ1974 አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 300 ማይክሮግራም ነው። ይህን ሰምቶ ክሎሪን የሚጠላ ሰው ግን ከኮሌራ ጋር ይነጋገር። መፍትሔው ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ብስባሹን መቀነስ ነው፤ ማጣሪያ ጣቢያዎችም ለዚህ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨምራሉ። ፖዘቲቩ አሉሚኒየም የብስባሹን ነጌቲቭ እጆች ይይዝና አብረው ይረጋሉ። በደቡብ እናቶች የሽፈራው ፍሬ ወቅጠው ድፍርስ ውኃ የሚያጠሩትም ተመሳሳይ ሐሳብ አለው፤ እዚያ ፖዘቲቩ የፍሬው ፕሮቲን ነው። ኬሚስትሪ ያላወቁ የሚመስሉን ሰዎች ከሻጬ ማሽን ይልቅ ለእውነት ቀርበዋል።

አንድ ሌላ መሣሪያ ደግሞ አለ፤ እስክሪብቶ የሚያህል፣ በውኃ ውስጥ የሟሟውን ነገር ይለካል የሚሉት፣ ቲዲኤስ ሜትር የሚባል። ልጁ ይህንንም በነጻ ሰጠኝ። የእኔ ቧንቧ 142 አነበበ፤ ከማጣሪያው የወጣው 139። ጎረቤቴ አይታ "ተታለልሽ!" አለችኝ። መሣሪያው የሚለካው ውኃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ነው። ሬዚኑ ካልሲየም ወስዶ ሶዲየም ስለሚሰጥ ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። በሌላ በኩል ብስባሹንና በእጁ የያዘውን እርሳስ ይህ መሣሪያ ከነጭራሹ አያያቸውም። ማይክሮግራም እርሳስ በሚሊግራም ካልሲየም መካከል መፈለግ በስታዲየም ጩኸት ውስጥ የአንድ ሰው ሹክሹክታ እንደ መስማት ነው። 20 ያነበበ ውኃ እርሳስ ሊኖረው፣ 300 ያነበበ ውኃ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እኔ አሁን የምጠቀምበት ሪቨርስ ኦስሞሲስ የገዙ ዘመዶቼ ቤት ስሄድ ነው፤ እዚያ የማጣሪያው ሽፋን መቀደዱን ለማወቅ ይረዳል።

ሁለት ወር ተኩል ተጠቀምኩበት። ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ቡናዬ ወደ ቡናነቱ ተመልሷል። ነሐሴ ላይ የገለባው ቀለም ከነጭ ሳህን ጠፍቷል፤ ይህ የከሰሉ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ክር በስድስት ሳምንት ቡናማ ሆነ። ያ የቧንቧችን ዝገት ነው፤ ከለገዳዲ የመጣ አይደለም። ሬዚኑ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ቀንሶልኛል፤ ለዚህ ብቻ ግን 13,500 ብር አላወጣም ነበር። ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረ ውኃ ከነሐስ ቧንቧ አፍና ከድሮ ብየዳ እርሳስና መዳብ ሊወስድ ስለሚችል፣ ማጣሪያ ኖረም አልኖረም የጠዋቱን የመጀመሪያ ውኃ ለወለል ማጠቢያ እቀዳዋለሁ። ይህ ምንም ብር አያስወጣም።

ልትገዙ ከሆነ ሱቁን የምትጠይቁት "ብረት ያስወግዳል?" ብላችሁ አይሁን፤ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። በየትኛው መመዘኛ እንደተፈተነ ጠይቁ። ኤንኤስኤፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣው ኤንኤስኤፍ 53 የሚባለው መመዘኛ ለምሳሌ እርሳስን በሁለት ፒኤች፣ በ6.5 እና በ8.5፣ በሊትር 150 ማይክሮግራም አስገብቶ ይፈትናል፤ ምልክቱ ካለ ሣጥኑ ላይ ወይም ካርትሪጁ ላይ ይታተማል። የእኔ ሣጥን ላይ የሚታየው የፏፏቴ ሥዕልና የምትስቅ ሕፃን ናቸው። ባለ ሁለት በርሜሉን፣ ክርና ከሰል ብቻ ያለበትን፣ በ8,000 ብር ይሸጣሉ። ዛሬ ብገዛ እርሱን እገዛለሁ፤ የተረፈኝን ብር ለመለዋወጫ ከሰል አስቀምጣለሁ። ከሰሉ ካልተለወጠ ግን ሁለቱም ጌጥ ናቸው። ለከሰሉ "በዓመት አንዴ" የተባልኩትን አልተቀበልኩም፤ በክረምት መግቢያና መውጫ እለውጠዋለሁ።

ለዕቃው ከአምስት ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ካስተካከሉት አራት እሰጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት መስከረም ሲገባ ተለዋጭ ከሰል ልገዛ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ፒያሳ ብዙ ቦታዋ ፈርሶ እንደገና ከተሠራ ወዲህ መንገዱ ይጠፋብኛል፤ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ ነበር። ልጁ አወቀኝ፤ ወንበር ሰጠኝ፤ ከሰሉን በ1,200 ብር ሸጠልኝና ደረሰኝ ቆረጠ። ስለ ሬዚኑና ስለ ጥቁሩ ሻይ ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠ፤ "ክኒኑ የትኛው ነው?" ብሎ ስሙን ስልኩ ላይ ጻፈ። በርሜሎቹን ስለ መቀያየር የነገርኩትንም ለገጣሚው እንደሚያስተላልፍ ቃል ገባ። ስወጣ አንድ ባልና ሚስት ገቡ። በሩ ጋ ዞር ብዬ ሳይ አራቱ ዘንጎች ብርጭቆው ውስጥ ገብተዋል፤ ውኃው አረንጓዴውን አልፎ ወደ ቡናማው እየሄደ ነበር።